ፎዚያ የተቀመጠችበት አሥራ አምስት ደቂቃ

ሰኞ

አስቀድሞ መታወቅ ያለበት ይህ ነው፦ ጽሑፉን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ማንም አላስገደደኝም። የእጅ ጽሑፉ የእኔ ነው፤ ፊርማዬም አለበት። ሌላው ሁሉ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው።

ዛሬ ጠዋት ብርቱካን ይዤ ወደ ቅናሹ ሄድኩ። ትልቁን የቅናሽ መደብር እዚህ አያት ሰፈር ሁሉም «ቅናሹ» ነው የሚለው። ብርቱካኑ ለፎዚያ ነበር፤ ባለፈው ቅዳሜ ዘይት ልገዛ ተሰልፌ ራሴን ሲያዞረኝ ለረዳችኝ ካሸር። ሦስተኛው መክፈያ ላይ አጣኋት። በቦታዋ ሄለን የምትባል ጓደኛዋ ቆማለች። ፎዚያ የት እንዳለች ጠየቅኋት።

ቀና ብላ አየችኝ። «ቲቸር፣ ያንን የጻፉት እርስዎ ነዎት አይደል? ያ ሁሉ ቁም ጽሕፈት?»

ጽሕፈቴን ያደነቀች መስሎኝ አዎ አልኩ።

«በእስክሪብቶ ገደሏት» አለች።

ከኋላዬ የተሰለፉት ሳቁ። እኔም ልስቅ ምንም አልቀረኝም ነበር። «ይሂዱና ሰሌዳውን ይዩት» አለችኝ።

ሰሌዳው ሠራተኞች በሚገቡበት በር አጠገብ ነው። ቅዳሜ ዕለት መውጫው ላይ ባለው የአስተያየት መዝገብ የጻፍኩት ገጽ ፎቶኮፒ ተደርጎ ተለጥፏል። እንዲህ ይላል፦

«ዛሬ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ ላይ ራሴን አዞረኝ። ፎዚያ የተባለች ካሸር መክፈያዋን ትታ መጣች። የለስላሳ ሳጥን ገልብጣ አስቀመጠችኝ። እሷም አጠገቤ ተቀምጣ፣ ውሃ እያጠጣችኝ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ከሠላሳ አምስት ድረስ ቆየች። እንዲህ ያለች ልጅ ያሳደጉ ወላጆች ይባረኩ።»

በቢጫ ቀለም ተሰምሮበታል፦ «መክፈያዋን ትታ»፤ «እሷም አጠገቤ ተቀምጣ»፤ ሁለቱም ሰዓቶች። «ይባረኩ» የሚለው አልተሰመረበትም። ከሥሩ፣ በሥራ ሰዓት ቦታ ለቆ መቀመጥ ምን እንደሚያስከትል ሁሉም ሠራተኛ ይወቅ የሚል ተጽፏል።

ሠላሳ ስድስት ዓመት በሰው ደብተር ላይ በቀይ አስምሬአለሁ። የእኔ ሲሰመርበት ይህ የመጀመሪያው ነው።

ሰዓቱን ለምን ጻፍኩ? ማን ጠየቀኝ?

ብርቱካኑን ይዤ ተመለስኩ።

ማክሰኞ

ፎዚያን አገኘኋት። ውሳኔ እስኪሰጥ ድረስ መጋዘን አስገብተዋታል፤ የዱቄት ከረጢት ትደረድራለች። ሠራተኞቹ ምሳቸውን የሚበሉት ከመደብሩ ጀርባ፣ ጄኔሬተሩ አጠገብ፣ ቆመው ነው። ምሳ ዕቃቸውን የግንቡ ጠርዝ ላይ ያስቀምጡታል። ከፍታው እስከ ደረት ነው።

ይቅርታ ልጠይቃት አፌን ስከፍት ቀደመችኝ። «አባባ፣ ተሻለዎት? ደም ግፊትዎን ተለኩ?»

አልተለካሁም ነበር። ተቆጣችኝ።

ከእሷና ከሄለን የሰማሁትን ሳልጨምር ሳልቀንስ ልጻፍ፦

ሥራ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል እስከ ምሽቱ አንድ ሰዓት። ለምሳ ሃያ ደቂቃ።

ወንበር የለም። ድሮ ነበረ። «ደንበኛ ሲያያችሁ ሰነፎች ትመስሉታላችሁ» ተብሎ ተነሣ።

ሽንት ቤት የሚኬደው በካርድ ነው። ለካሸሮቹ ሁሉ አንዲት ካርድ ናት ያለችው። ካርዷ ሌላ ሰው ጋ ከሆነች መጠበቅ ነው። ስለዚህ ውሃ አይጠጡም። (ቅዳሜ ያጠጣችኝ ውሃ የራሷ ነበር። ከጠዋት ጀምሮ ክዳኑን አልከፈተችውም ነበር።)

ጫማ። ይህን አላመንኩም፤ ሁለት ጊዜ ጠየቅሁ። እያንዳንዳቸው ሁለት ጥንድ አላቸው። ፎዚያ ለጠዋት ሠላሳ ሰባት ቁጥር፣ ለከሰዓት ሠላሳ ስምንት። ከሰዓት እግር ያብጣል። ሄለን እግሯን አንሥታ «የእኔ የከሰዓቱ የወንድሜ ነው፤ ቤት ውስጥ በባዶ እግሩ ቀርቷል» አለች። ልጆቹ በሳቅ ተንከተከቱ። እኔ ጫማዎቹን ማየት አላቆምኩም።

ካባረሯት የሥራ ልምድ ወረቀት አይሰጧትም። ያለ እሱ ደግሞ ሌላ መደብር አይቀጥራትም። ዋስ የሆናት አጎቷ ነው፤ ከወሎ መጥቶ ላምበረት መናኸሪያ አጠገብ ሱቅ ከፍቷል። «ስሜን አደራ» ብሎ ነው የፈረመላት። እስካሁን አልነገረችውም። ስለ እሱ ስታወራ ብቻ ነው ድምፅዋ የተለወጠው።

አንድ ነገር አለ። «ሳልጠይቅ አልተነሣሁም አባባ» አለችኝ። «ለብሩክ እጄን አነሣሁ። ራሱን ነቀነቀልኝ። ከዚያ ነው የመጣሁት።» ብሩክ የፈረቃ ኃላፊያቸው ነው። አሁን እጇን ስታነሣ አላየኋትም ብሏል።

እጅ ያነሣሉ። እንደ ተማሪ።

ረቡዕ

የሰማሁትን መለካት ልማዴ ነው። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ መስኮቱ አጠገብ ቆምኩ። መደገፍ የለም፤ መራመድ የለም። ሦስት ሰዓት ላይ ወገቤ ጀመረኝ። ሦስት ከሃያ ላይ ተረከዜ። ሦስት ሰዓት ከሠላሳ አምስት ላይ ወንበሩን ስቤ ተቀመጥኩ። እርጅና ነው ይባል ይሆናል። ይሁን፤ ግማሹን ለእርጅና ልስጥ። ሌላው ግማሽስ?

አስተማሪም እኮ ቆሞ ነው የሚኖረው ብዬ ራሴን ላጽናና ሞከርኩ። እውነት አይደለም። በዴስኮቹ መካከል እመላለስ ነበር። ሰሌዳውን እደገፍ ነበር። ደወል ሲደወል መምህራን ክፍል ገብቼ እቀመጥ ነበር።

ሻይ እየጠጣሁ ሳለ አንድ ነገር ትዝ ብሎኝ ብርጭቆዬን አስቀመጥኩ። ተማሪ ሲያጠፋ ምን ነበር የምለው?

«ቁም!»

መቆም ቅጣት ነበር። አንድ ክፍለ ጊዜ፤ ከዚያ በላይ ያቆምኩት ልጅ የለም። አንዱን ክፍለ ጊዜም ያለቀሱበት ነበሩ። እነዚህ ልጆች ያጠፉት ምንድን ነው?

ለታደሰ ደወልኩ። አይነሣም፤ ጭራሽ አይጠራም። ቅዳሜ ዕለት አብሮኝ ነበር፤ ሠላሳ ዓመት አንድ ትምህርት ቤት ያስተማርን ጓደኛዬ ነው። እሁድ ለአክስቱ ለቅሶ ከላምበረት ተሳፍሮ ከደብረ ሲና ወዲያ ያለ ገጠር ሄዷል። እዚያ ኔትወርክ የለም።

ሐሙስ

ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገባሁ። ወጣት ነው፤ ሸሚዙ የተተኮሰ። እንዳየኝ ከመቀመጫው ብድግ አለ፤ «ኖር ቲቸር!»

«በእግዜር» አልኩ።

ወንበር ሳበልኝ፣ ውሃ አስመጣልኝ። ጨዋ ነው፤ አልዋሽም። ፎዚያንና ብሩክን አስጠራ። ብሩክ መጥቶ ተቀመጠ። ፎዚያ እጇን ወደ ኋላ አድርጋ በሩ ጋ ቆመች። ግድግዳው አጠገብ ባዶ ወንበር አለ።

«እሷስ?» አልኩ።

«ኧረ አያስቡ ቲቸር። እሷ ለምዳዋለች።»

በክፋት አላለውም። እኔን ለማረጋጋት ነው ያለው። ከሰኞ ጀምሮ ከሰማሁት ሁሉ ይህን ያህል ያስደነገጠኝ የለም።

ተነሣሁ። እኔ ስነሣ ሥራ አስኪያጁ ተነሣ። እሱ ሲነሣ ብሩክም ተነሣ። አራታችንም ቆመን ቀረን።

«ቲቸር፣ እባክዎ ይቀመጡ።»

«ልጅቷ ስትቀመጥ።»

«ቲቸር፣ እኛ እኮ እርስዎ ቆመው...»

«አውቃለሁ» አልኩት። «አሳዳጊህ ይባረክ። እኔም አልቸኩልም።»

ጡረታ የወጣ ሰው የማይቸግረው ነገር ቢኖር ጊዜ ነው። መጨረሻ ላይ በእጁ ምልክት ሰጣት። ፎዚያ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠች፤ ሊነጥቋት የመጡ ይመስል በሁለት እጇ ይዛው። ትንሽ ድል ናት፤ ትጻፍ።

ጽሑፌ ምስጋና እንጂ ክስ እንዳልነበረ አስረዳሁ። «ምስጋናውን ተቀብለናል» አለኝ። «እኛ የወሰድነው ሰዓቱን ነው። እውነቱን ልንገርዎት? እንደ እርስዎ በትክክል የጻፈልን ደንበኛ የለም።»



ብሩክ «እጇን ስታነሣ አላየሁም» አለ።

«ወላሂ ነቀነቅክልኝ! ብሩኬ፣ እየኝ እስቲ፣ እኔን አይተህ ተናገር!» አለችው። አላያትም። እሱም ሥራውን ፈርቶ እንደሆነ ገባኝ፤ ፈቃድ ሰጥቷል ከተባለ ቀጣዩ ተጠያቂ እሱ ነው።

ሥራ አስኪያጁ ቆረጠ፦ ብሩክ ሲፈቅድ ያየ ሰው ካለ እስከ ማክሰኞ በጽሑፍ ያቅርብ፤ ነገሩ እዚያው ያልቃል። ሠራተኛ አይሆንም፤ እርስ በርስ ይሸፋፈናሉ። ደንበኛ መሆን አለበት። ሰው ካልተገኘ ትሰናበታለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ «እርስዎ አይተዋል?» አለኝ።

ፎዚያ አየችኝ።

«ዓይኔን ጨፍኜ ነበር» አልኩ።

ዓርብ

ሄለንና ሁለት ልጆች ጠዋት ባቡር ጣቢያው አጠገብ ጠብቀው ያዙኝ።

«ቲቸር፣ "አየሁ" ማለት ስንት ፊደል ነው?»

ሄለን መልሴን ሳትጠብቅ ቀጠለች።

«ሦስት! ያን ሁሉ ገጽ ሲሞሉ አልደከመዎትም፣ ሦስት ፊደል ከበደዎት?»

አንዷ «ተይው ሄሉ፣ ሽማግሌ ነው» አለቻት። ሄለን «ሽማግሌማ ያስታርቃል» ብላ ጥላኝ ሄደች።

ቤት ገብቼ በሩን ዘግቼ ተለማመድኩት። «አየሁ» አልኩ። ደግሜ «አየሁ» አልኩ። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ቀለለኝ። ይህ ደግሞ አስደነገጠኝ። ያችን ልጅ የጎዳኋት እውነት ጽፌ ነው፤ ታዲያ በውሸት ላድናት? ብሩክ የቱን እጇን ነው ያነሣችው ቢለኝስ? ደግሞስ አንዴ ከዋሸሁ፣ ከዚያ በፊት የጻፍኩትን ምስጋና ማን ያምነዋል?

ከሰዓት ቅናሹ ገባሁ። ሦስተኛው መክፈያ አጠገብ አዲስ ሰማያዊ የፕላስቲክ ወንበር ቆሟል! አፍታ ያህል ደስ አለኝ። ጠጋ ስል ወረቀት ተለጥፎበታል፦ «ለአረጋውያን ደንበኞች ብቻ»።

ጥበቃው ሳቅ እያለ «ፋዘር፣ በእርስዎ ምክንያት ነው የመጣው፤ ይመርቁት እንጂ!» አለኝ። ሄለን ከወንበሩ አንድ ክንድ ርቃ ቆማ ሳሙና ታሳልፋለች። ዘጠኝ ሰዓት አልፏል። የወንድሟን ጫማ አድርጋለች።

አልተቀመጥኩም።

ወደ ቤት ስመለስ ታክሲ ውስጥ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ቅዳሜ ከመደብሩ ስንመለስ ታደሰ «ያንን አለቃቸውን አየኸው? ራሱን በመነቅነቅ ብቻ ነው የሚፈቅደው፣ እንደ ንጉሥ» ብሎኝ ነበር። ጭንቅላቴን መስኮቱ ላይ አስደግፌ «እህ» አልኩት እንጂ አላዳመጥኩትም። ስለ ብሩክ ነው ያለው? ወይስ መውጫው ላይ ቦርሳችንን ፈትሾ ስላሳለፈን ጥበቃ? አላውቅም። መላ ነገሩ እዚህ ላይ ነው ያለው፤ እኔም አላውቅም።

ቅዳሜ

ላምበረት፣ የፎዚያ አጎት ሱቅ ውስጥ ተቀምጬ ነው የምጽፈው። ትናንት ነግራዋለች። እኔ ስገባ ይቆጣል ብዬ ነበር። እስከ መጨረሻው ሰማኝና «መምህር፣ ልጄ ሰው አስቀመጠች ብለው ነው የሚያባርሯት?» አለኝ። ያለችውን አንዲት ወንበር ለእኔ ሰጥቶ እሱ ጆንያ ላይ ተቀመጠ። ወደ ደብረ ሲና የምትሄድ ነጋዴ ደንበኛውን ለምኖልኛል፤ የታደሰን አክስት መንደር ታውቃለች።

ስለዚህ ታደሰ፣ ከዚህ በኋላ የምጽፈው ለአንተ ነው። የስድስቱን ቀን ገጾች ከደብተሬ ቀድጄ ነው የምልክልህ። በዕድሜዬ ደብተር ቀድጄ አላውቅም፤ ታውቀኛለህ። እንደገና ከምገለብጠውና አንድ ቃል ከማሳምር እንዲሁ ይድረስህ ብዬ ነው።

ለሐዘንህ በአካል ሳልደርስ በጉዳይ ስለመጣሁብህ ይቅር በለኝ። ነፍስ ይማር።

የምጠይቅህ ይህን ነው። ቅዳሜ እኔ ሳጥኑ ላይ ከመቀመጤ በፊት፣ ፎዚያ እጇን ስታነሣ አይተሃል? ብሩክ ራሱን ሲነቀንቅ አይተሃል? ካየህ ያየኸውን ጻፍና ፈርምበት፤ የት ቆመህ እንዳየህም ጨምር። ካላየህ አላየሁም በል። የእኔን ፍላጎት አትጻፍልኝ፤ ለልጅቷ ብለህም አትጨምር። እኔ በዓይኔ ያላየሁትን አንተ በዓይንህ አይተኸው እንደሆነ ብቻ ነው ማወቅ የምፈልገው። «አላየሁም» ብትለኝ ማክሰኞ ብቻዬን ገብቼ የምለውን እፈልጋለሁ። ዝም ካልከኝ ግን የምይዘው የለኝም።

ነጋዴዋ ነገ ከሰዓት ትመለሳለች፤ ወረቀቱን ለእሷ ስጣት። ካልተገናኛችሁ ወደ ከተማው ውጣና ከሰው ስልክ ለምነህም ቢሆን ደውልልኝ። ስልኬን ከእጄ አልለይም።

ነጋዴዋን የሚወስደው ሹፌር ሞተር አስነሥቷል። እስከ ሰኞ መልስልኝ፣ ታዴ።