የዶን ፋውስቲኖ ሜሎ የሕይወት ታሪክ፣ ስለ ቅጽል ስማቸውም እውነቱ

ዶን ፋውስቲኖ ሜሎ ከአባታቸው ከአንሰልሞ ሜሎ እና ከእናታቸው ከዶሪላ ሶቶ በባኒ ከተማ አቅራቢያ በጨው ሠራተኞች መንደር በፌብሩዋሪ 15 ቀን 1951 ተወለዱ። አባታቸው ጨው ይዝቁ፣ እናታቸው ልብስ ይሰፉ ነበር። ከሁለት ወንድ ልጆች በኩሩ እርሳቸው ናቸው።

ዕድሜያቸው ሲደርስ ትምህርት ቤት ገብተው እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምረዋል። ታናሽ ወንድማቸው ኦቪዲዮ ግን ለሁለት ልጅ ጫማ አይገዛም ተብሎ ከሦስተኛ ክፍል ወጥቶ ጨው እንዲያመላልስ ተደርጓል። ይህን የወሰነው ሰው ሞቷልና በመቃብር ላይ ክስ አላቀርብም። ዶን ፋውስቲኖም ያኔ ልጅ ነበሩ፤ ማንም አላማከራቸውም።

በ1968 ወደ ዋና ከተማ ሄደው በአንድ የመኪና ወንበርና ኮርኒስ ሠሪ ቤት ሰባት ዓመት ሙያ ተማሩ። በ1975 ተመልሰው ወደ ገበያው በሚወስደው መንገድ ዳር የራሳቸውን ሱቅ ከፈቱ፤ ወንድማቸውንም ከጨው ሥራ አውጥተው ከጎናቸው አቆሙት። አቆሙት እንጂ እኩል አላደረጉትም። ይህን የምጽፈው እውነት ስለሆነ ነው፤ ከዚህ በታች ለምጽፈው ነገር ግን ምክንያት አይሆነኝም።

በ1978 ወይዘሮ ኤውላሊያ ፒሜንቴልን በሕግና በቤተ ክርስቲያን አግብተው ሬይናን እና ዳሪዮን ወልደዋል።

ዶን ፋውስቲኖ በይበልጥ የሚታወቁት በአሮጌ መኪና ኮርኒስ ነበር። የዚህ አገር ፀሐይ ከጨርቁ በስተጀርባ ያለውን ስፖንጅ ያደርቀዋል፤ ስፖንጁ ዱቄት ይሆናል፤ ጨርቁም ሆዱን ዘርግቶ በሹፌሩ ራስ ላይ ይወርዳል። ሌላው ሠሪ በስፒል ይወጋዋል ወይም ማስቲሽ ቀብቶ መልሶ ይለጥፈዋል። ዶን ፋውስቲኖ እንዲህ አያደርጉም ነበር። መብራቱንና መያዣዎቹን ፈትተው ጨርቁ የተለጠፈበትን የጣሪያ ሰሌዳ በኋላ በር ያወጡታል፤ የሞተውን ስፖንጅ አንድ ፍርፋሪ እስከማይቀር ያስፍቃሉ፤ ጠርገው ፀሐይ ላይ ያውሉታል። ከዚያ ሰሌዳውንም አዲሱን ጨርቅም ማስቲሽ ይቀባሉ፤ ጣት ሲነካው እስከማይከተል ይጠብቃሉ፤ ከመሐል ወደ ዳር በመዳፋቸው እያባበሉ ያስተኙታል።

“ያስፍቃሉ” ያልኩት ፋቂው እኔ ስለነበርኩ ነው። ታሪኩን “ታናሽ ወንድማቸው፣ ታናሽ ወንድማቸው” እያልኩ ለመጨረስ አስቤ ነበር፤ መደበቂያ ሆነብኝ። ከዚህ ወዲህ እኔ እላለሁ፤ ይቅርታ አድርጉልኝ።

አንድ ቀን ፍቄ ጨረስኩ ስላቸው ጣታቸውን ሰሌዳው ላይ አሳርፈው ቡናማ አድርገው አሳዩኝ።

“ኦቪዲዮ፣ ይሄ ምንድነው?”

“አቧራ ነዋ። ደሞ ማን ሊያየው ነው?”

“ሙቀቱ ያየዋል። ፋቅ።”

ፋቅሁ። ሥራው ሲያልቅ፣ ሰሌዳው ከመሰቀሉ በፊት፣ በጀርባው ላይ ሙሉ ስማቸውንና ቀኑን በእርሳስ ይጽፋሉ። በዋና ከተማው ሙያውን ካስተማራቸው ሰው የወሰዱት ልማድ ነው። ባለ መኪናው አያየውም፤ የሚያየው ከዓመታት በኋላ ኮርኒሱን የሚያወርድ ሌላ ባለሙያ ብቻ ነው። የፋቀ ሰው ስም አይጻፍም። ሃያ አንድ ዓመት ፍቄ ስሜ አንድ ቀን አልተጻፈም። ይህችን ነገር እንደ ቁስል ሳክካት ኖርኩ።

በጁን 1996 ዶን ፋውስቲኖ ለቀዶ ጥገና ሆስፒታል ተኝተው ሳለ የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህርት ዶኛ ኔሬይዳ አሮጌ መኪናቸውን ይዘው መጡ። ለቅዳሜ ይደርስልኛል ወይ አሉኝ። ይደርሳል አልኳቸው። በሁለት ቀን ማድረስ ይቻል ነበር፤ ስለዚህ ቸኩዬ ነው ብል ውሸት ነው። ስፖንጁን ላዩን ብቻ በመጥረጊያ ዳሰስኩትና አዲሱን ጨርቅ በዱቄቱ ላይ ለጠፍኩት። ከዚያ እርሳሱን አንስቼ የወንድሜን ስም ጻፍኩ። ቀኑንም ጻፍኩ። ስጽፍ በልቤ ያልኩትን ዛሬም እሰማዋለሁ፦ ይውደቅ፤ ሲወድቅ በማን ስም እንደሚወድቅ እናያለን።

ሴፕቴምበር ላይ ትምህርት በተከፈተ በመጀመሪያው ሳምንት፣ ተማሪው ሁሉ በር ላይ ተሰልፎ ሳለ፣ ወደቀ። ዶኛ ኔሬይዳ ከነጨርቁ ከመኪናው ወጡ፤ ራሳቸውም ትከሻቸውም አይታይም ነበር።

“ድንኳን መጣ! ድንኳን መጣ!” ብሎ ተማሪው ጮኸ።

እርሳቸውም በንዴት ገበያው አጠገብ ወዳለ ሌላ ሠሪ ነዱት። ሠሪው ሰሌዳውን አውርዶ ጀርባውን ገለበጠና ሹፌሮቹን ጠራ።

“ኑ እንጂ፣ ኑ! ጌታችን ዶን ፋውስቲኖ ሳይፍቁ ለጥፈው፣ ፈርመውበታል እኮ! የድፍረታቸው ድፍረት!”

“ፊርማው ብቻ ነው የተጣበቀው በለኛ!” አለ አንዱ ሹፌር።

በማግስቱ ከተማው ወንድሜን ዶን ድንኳን ብሎ ሰይሟቸው ነበር።

ዶኛ ኔሬይዳ ሰሌዳውን በመኪናቸው አናት አስረው ወደ እኛ ሱቅ መጡ። “ዶን ፋውስቲኖ፣ እኔ እርሶን ታማኝ ሰው አድርጌ ነበር የማውቆት” አሉ። ወንድሜ ጽሑፉን አዩ። ቀኑን አዩ። በዚያ ቀን ሆስፒታል አልጋ ላይ ነበሩ፤ የሆስፒታሉ ወረቀት ከስፌት መኪናው በላይ በምስማር ተሰክቷል። እጃቸውን ዘርግተው አውርደው ቢያሳዩ ኖሮ በዚያው ያበቃ ነበር። እኔን አዩኝ። እኔ የወንበር ምስማር በከንፈሬ ይዤ ጎንበስ ብዬ ነበር። ምስማሩን ተፍቼ እኔ ነኝ ለማለት አንድ ትንፋሽ ይበቃኝ ነበር። አልተፋሁትም።

“ይቅርታ ያድርጉልኝ መምህርት” አሉ፤ “ጥፋቱ የኔ ነው። ነገ ማታ ይውሰዷት።”

ርእሰ መምህርቷ እንደሄዱ ወንድሜ መፋቂያውን ያዙ።

“አምጣው፣ እኔ ልፋቅ” አልኳቸው።

“አይ፣ አንተ ቁጭ በል። ሃያ አንድ ዓመት ፍቀሃል።”

ስለዚህ ነገር ከዚህ ሌላ አንድ ቃል አልተናገሩኝም፤ ያን ቀንም፣ እስከ ሞታቸውም። ቢሰድቡኝ ኖሮ ሰድቤ እገላገል ነበር።

ከዚያ በኋላ የመኪና ሥራ ራቃቸው። ሹፌሮቹ ወደ ገበያው ሄዱ፤ ዶን ፋውስቲኖ የሳሎን ወንበር እያለበሱ ልጆቻቸውን አሳደጉ። ሬይና ያኔ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነበር፤ እዚያው ትምህርት ቤት ነበረች። አንድ ቀን ምሳ ላይ እያለቀሰች መጥታ፣ “ፓፓ፣ ለምንድነው ሥራህን በደንብ የማትሠራው? የድንኳን ልጅ እያሉኝ እኮ ነው!” አለቻቸው። እርሳቸው ወጡን ጨለፉላትና “ብዪ ልጄ፣ ይረሱታል” አሏት። እኔ ፊት ለፊት ተቀምጬ ሩዜን በላሁ። ደግሞም ጨምሩልኝ አልኩ።

አልረሱትም። ትናንት የሞት ማስታወቂያው በድምፅ ማጉያ መኪና በየሰፈሩ ሲዞር፣ እንደ ከተማችን ልማድ በሙሉ ስማቸው ላይ ቅጽል ስማቸው ተጨመረ፤ ያለዚያ ማን እንደሞተ ሰው አያውቅም። ሬይና “ለማስታወቂያው ግድ ነው አጎቴ፣ የሕይወት ታሪካቸው ላይ ግን እባክህ እንዳታስገባው” ብላ ለመነችኝ። እኔ በራፌ ላይ ቆሜ “ዶን ፋውስቲኖ ሜሎ፣ ድንኳን በሚባለው ስማቸው የሚታወቁት” ሲባል ሦስት ጊዜ ሰማሁ። ከሦስተኛው በኋላ ገብቼ በሩን ዘጋሁ።

ሬይና፣ ይህን ለሕዝብ የምታነቢው አንቺ ነሽ፤ አስቀድሜ ያላሳየሁሽም እንዳታስቀሪው ብዬ ነው። አታቋርጪ ልጄ። አባትሽ ሥራቸውን በደንብ ነበር የሚሠሩት። ድንኳን እኔ ነኝ። ዶኛ ኔሬይዳ፣ እርሶም እዚህ ወንበር ላይ አሉ፤ ያታለልኮት እኔ ነኝ። ሹፌሮችም ከዛሬ ጀምሮ ስሙን ለባለቤቱ መልሱ።

ዶን ፋውስቲኖ ባለፉት ሦስት ዓመታት በኩላሊት ሕመም ሲታከሙ ቆይተው ማክሰኞ ማርች 14 ቀን 2023 በተወለዱ በሰባ ሁለት ዓመታቸው በቤታቸው አርፈዋል። ሕመማቸው በጸናባቸው ሰሞን ሁለት ጊዜ ብቻዬን አጠገባቸው ተቀምጬ ነበር። ሁለቱንም ጊዜ ስለ ዝናብ አወራኋቸው።

ባለቤታቸውን ወይዘሮ ኤውላሊያን፣ ልጆቻቸውን ሬይናን እና ዳሪዮን፣ አራት የልጅ ልጆችን፣ አንድ ወንድምም ትተው ሄደዋል። የሌላውን ጥፋት በዝምታ የተሸከሙትን እኒህን ሰው ጌታ ከደጁ ሳያቆም ያስገባቸው፤ ለቤተሰባቸው ብርታት፣ ለነፍሳቸው ዕረፍት ይስጥልን።

አስከሬናቸው ሲነሳ ወንድም ከፊት በቀኝ በኩል እንዲይዝ ሥርዓት ነው። ቦታውን ለዳሪዮ ለቅቄያለሁ። ሬይና ከፈቀደች ከኋላ እይዛለሁ፤ ካልፈቀደች ከሰዉ ሁሉ መጨረሻ እሄዳለሁ።