ጉቶው ለምን አልነድም አለ

ለማከብርሽና ለምሳሳልሽ ለእትዬ፤

ከሁሉ አስቀድሞ እንደምን ሰነበትሽ? ወገብሽ ተሻለው? ያ አምስት ፎቅ በእግር የሚያስወጣችሁ መሥሪያ ቤት ሊፍቱን አስጠገነ ወይስ አሁንም «በሂደት ላይ ነው» የሚል ወረቀት ብቻ ነው የሚለጥፈው? ባለቤትሽስ ደህና ነው? ማንኮራፋቱ ቀነሰ ወይስ ጎረቤት ለመደው? ትልቋ ልጅሽ የወለቁት ጥርሶቿ በቀሉላት? ትንሹስ «አጎቴ» ማለት ጀመረ ወይስ አሁንም ፎቶዬን ሲያይ ያለቅሳል? ሁላችሁንም በያላችሁበት ሰላም ብያለሁ። ሰላምታ ቀረጥ ስለሌለበት እንደልብሽ አካፍዪ።

እኛ ከሁለቱ ቅንድቦቼ በቀር ሁላችንም ደህና ነን። ቅንድቦቼም ብዙ አልተሠቃዩም፤ በአንድ ጊዜ ነው ያለፉት። እንዴት እንዳለፉ ቦታው ሲደርስ እነግርሻለሁ፤ አሁን ግን ስለ ዋናው ጉዳይ፣ ማለትም ስለ ጓሮው ጉቶ፣ በወጉ ሪፖርት ላቅርብ።

እማዬ ጉልበቷን ከታመመች ወዲህ ደረጃ ወርዳ መሬት ከረገጠች ይኸው ስድስት ወር አለፋት። አንቺም ነገሩ አንጀትሽን ቢበላው ከዚያው ሆነሽ በደብተር ወረቀት ላይ ክፍል ነድፈሽ ላክሽ፤ ጓሮው ውስጥ፣ ምድር ላይ፣ ደረጃ የሌለው፣ አልጋ እዚህ፣ ቁም ሣጥን እዚያ፣ መስኮት ወዲህ። ከላይም በቀይ እስክሪብቶ «ክረምት ሳይገባ!» ብለሽ ሦስት ጊዜ አሰመርሽበት። ወረቀቱን ሁላችንም እየተቀባበልን አደነቅነው። ግንበኛው ራሱ መነጽሩን አውልቆ «ይህችን ልጅ መሐንዲስ እንዳትሆን የከለከላት ማነው?» አለ። ፕላንሽ ላይ ያልተሣለ አንድ ነገር ቢኖር ጉቶው ነው።

ማንጎው ባለፈው ዓመት ደርቆ ሲቆረጥ ግንዱ ሄደ እንጂ ጉቶው፣ ልክ ጡረታ እንደወጣ ሹም፣ ወንበሩን አልለቅም ብሎ ቀረ። የተቀመጠውም በትክክል አንቺ «አልጋ» ብለሽ በጻፍሽበት ቦታ ላይ ነው። ግንበኛው ዞሮ ዞሮ አየውና «እስከሚመጣው ሳምንት እሑድ ካነሣችሁት መሠረቱን እቆፍራለሁ። ካላነሣችሁት ሌላ ሥራ ተቀብያለሁ፤ ከክረምት ወዲያ እንገናኝ» አለን። ይህ ማለት እማዬ አንድ ሙሉ ክረምት ደግሞ እዚያው ፎቅ ላይ ታሽጋ ልትቀመጥ ነው ማለት ነው። ቆፋሪ ማሽን እንዳናመጣ በቅያሱ አያልፍም። በመጥረቢያ ሞከርን፤ ጉቶው ምንም አልሆነም፤ የመጥረቢያው እጀታ ግን ተሰበረ።

እዚህ ላይ አጎታችን ገባ። ያው እንደምታውቂው ሠላሳ ዓመት አውቶቡስ ነድቶ ጡረታ ከወጣ ወዲህ ሰፈሩን ነው የሚነዳው። ልጆቹ አሁን «ጋሽ ማርሽ» እያሉ ነው የሚጠሩት፤ እሱም ሹመት መስሎት ደስ ብሎታል። ከጎን ካለው ቤቱ መጥቶ ጉቶውን በእግሩ መታ መታ አደረገና «ይቃጠላል! ሌላ መድኃኒት የለውም» ብሎ ፈረደ። ወዲያውም የጉቶ ማስወገጃ ዐቢይ ኮሚቴ ተቋቋመ። ሰብሳቢ ጋሽ ማርሽ፣ የቴክኒክ አማካሪ ግንበኛው፣ ጸሐፊ፣ አባል፣ ገንዘብ ያዥና ተሸካሚ እኔ።

አሠራሩ ይህን ይመስላል። መጀመሪያ በአናጢ መሰርሰሪያ ጉቶውን ወንፊት እስኪመስል በሳሳነው። ከዚያ ቀዳዳዎቹን ነጭ ጋዝ ሞልተን ሦስት ቀን እንዲጠጣ ተውነው። ጋሽ ማርሽ በየማለዳው እየመጣ እንደ ታማሚ ይጠይቀው ነበር። ከዚያ ክዳኑና ታቹ የተቆረጠ በርሜል እንደ ጭስ ማውጫ አቁመንበት ከውስጥ ከሰል ሞላንና ሰኞ ጠዋት ለኮስነው። እሳቱ ታች መድረሱን የሚያረጋግጥ ሰው ሲፈለግ ሰብሳቢው «አንተ ወጣት ነህ፣ ጎንበስ ብለህ እይ እስቲ» አለኝ። ጎንበስ ብዬ አየሁ። ደርሷል። ቅንድቤ ጋም ደርሷል።

ሰኞ ጠዋት ነደደ። እኔ ወደ ፎቶ ኮፒ ቤቴ ሄድኩ፤ ጋሽ ማርሽ ዘብ ተቀመጠ። ቀትር ላይ ግን ዘቡ የዳማ ሰዓቱ ስለሚደርስበት ለአንድ ሰዓት ብቻ ብሎ ይወጣል፤ ሲመለስ እሳቱ ድርግም ብሏል፣ አመዱም ረጥቧል። ማክሰኞ ለኮስን፤ ቀትር ላይ ጠፋ። ረቡዕ ለኮስን፤ እንደገና ጠፋ። ኮሚቴው አስቸኳይ ስብሰባ ተቀመጠ። ጋሽ ማርሽ «ሥሩ ከታች ወንዝ ነክቷል፤ ውሃ እየሳበ ነው» አለ። ግንበኛው ደግሞ «አንዳንድ ጉቶ ሲፈራ ያልበዋል፤ በዓይኔ አይቻለሁ» አለ። እኔ ጥፋቱን በከሰሉ ላይ ጣልኩ፤ ከሰል አፍ ስለሌለው። ረቡዕ ዕለት እንዲያውም አመዱ ላይ ነጭ አረፋ አየን። ጋሽ ማርሽ በጣቱ ነክቶ አሸተተና «የዛፉ ወዝ ነው፤ ነፍሱ እየወጣች ነው» ብሎ መሰከረ። የማንጎ ወዝ የልብስ ሳሙና እንደሚሸት ያወቅሁት ያን ዕለት ነው፤ ይህንንም በቃለ ጉባኤ አስፍሬዋለሁ።

እማዬማ ከላይ ከኋላ በረንዳው ብቅ እያለች ሐዘናችንን ትካፈል ነበር። «ዛሬም እምቢ አላችሁ? ውይ፣ ምስኪን! እንግዲህ ተዉት ልጆቼ፤ ግዑዝም ቢሆን የሚያውቀው ነገር ይኖረዋል» ትለናለች። እኛም እንዴት ያለች አዛኝ እናት ናት እያልን እንደነቃለን።

ሐሙስ ጠዋት ለአራተኛ ጊዜ ለኮስነው። ስድስት ሰዓት ገደማ የሱቄን መሳቢያ ቁልፍ ረስቼ ኖሮ ወደ ቤት ተመለስኩ። ጋሽ ማርሽ ለዳማው ሄዷል። መቼስ መጥቻለሁ ብዬ እሳቱን ላይ ወደ በርሜሉ ስጠጋ ከሰማይ ውሃ ወረደብኝ። ዝናብ እንዳልል ፀሐዩ አናት ይበሳል፤ የፀሐይ ዝናብ ነው እንዳልል ደግሞ ሳሙና አለበት። ቀና ስል እናታችን አንድ እጇን በበረንዳው ብረት ተደግፋ፣ በሌላው እጇ ባዶ ጆግ ይዛ ቁልቁል ታየኛለች። እኔ እንዲያ በስብሼ ሳለሁ ደርቄ ቀረሁ። እሷ ግን ምንም አልመሰላት፤ «ምነው ዛሬ በጊዜ መጣህ?» አለችኝ።

ደረጃውን ሦስት ሦስቱን እየዘለልኩ ወጣሁ። ከመታጠቢያ ቤቱ እስከ በረንዳው ድረስ ወለሉ ላይ አንድ እርጥብ መስመር ተጋድሟል። ሳፋውን ሞልታ በእግሯ እየገፋች፣ ምርኩዟን እየተደገፈች ነው የምታደርሰው፤ ከዚያ በጆግ እየቀዳች ታፈስሳለች። መስመሩን ሦስት ቀን ሙሉ አይቼዋለሁ፤ የእጥበት ውሃ ነው ብዬ ልብ አላልኩትም። «እማዬ፣ እኛ ላንቺ ብለን እየተቃጠልን አንቺ ታጠፊያለሽ?» ብዬ ጮህኩባት፤ ይቅር ይበለኝ።

መልሷን ቃል በቃል እጽፍልሻለሁ፤ ምክንያቱም ግማሹ ያንቺ ድርሻ ነው። እንዲህ አለችኝ፦ «ለኔ? ለኔ ከሆነ ማን ጠየቀኝ? ጉቶው እንኳ ተጠይቋል፤ አጎትህ ሦስት ቀን ሙሉ እየዞረ ሲያነጋግረው ነበር። እህትህ ፕላን ላከች፣ አንተ ጋዝ ገዛህ፣ ግንበኛው ቀን ቆረጠ። ‘እሺ ወይ?’ ያለኝ አንድ ሰው አለ? ፕላኑን አይቻለሁ። መስኮቱ የሚያየው የጎረቤትን ግድግዳ ነው። እኔ እዚህ ፎቅ ላይ ሆኜ ቢያንስ መንገዱን አያለሁ፤ ማን ሄደ ማን መጣ፣ ማን ታመመ ማን ዳነ አውቃለሁ። ልብስ ሰፊው በየማለዳው ከማዶ እጁን ያነሣልኛል። መውረድ እፈልጋለሁ ልጄ፤ ከጓሮ መጣል ግን አልፈልግም። ጓሮ የሚቀመጠው የማይፈለግ ዕቃ ነው።»

ምርኩዟን አቀበልኳት። እሷም ቀስ ብላ በፊት ለፊቱ መስኮት ወዳለው ወንበሯ ሄዳ ተቀመጠችና ዓይኗን ከመንገዱ ሳትነቅል «መንገድ የሚያይ ክፍል ታች የለም ብላችሁ ይሆናል» አለች።

እትዬ፣ አለ። እኔ ነኝ የምተኛበት።

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይሉ የለ? ፕላንሽ የመጣ ዕለት፣ ገና ወረቀቱን ሳልዘረጋው፣ ይህ ነገር በልቤ ሽው ብሎ ነበር። ከመንገዱ በኩል፣ ምድር ላይ፣ ደረጃ የሌለው፣ ሰፊ መስኮት ያለው ክፍል። ሽው ያለውን ነገር ግን በር ዘጋሁበት። አልጋዬን አንድ ፎቅ ከምሸከም ኮሚቴ ማቋቋም ቀለለኝ፤ ጉቶ በሳሁ፣ ጋዝ አጠጣሁ፣ ቅንድቤን ሠዋሁ፤ ሰውም «እንዴት ያለ ለእናቱ የሚለፋ ልጅ ነው!» አለኝ፤ እኔም አላፈርኩም፣ አመሰግናለሁ አልኩ።

«እማዬ፣ የኔ ክፍል አለ» አልኳት። «አውቃለሁ» አለችኝ፤ «ካንተ አፍ እስኪወጣ ስጠብቅ ነው የቤቱ ውሃ ያለቀው።»

ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ የተጠና ነበር፤ ስድስት ወር መስኮት ላይ ተቀምጦ የሚያስብ ሰው ምን ያቅተዋል? እሷ በእኔ ክፍል፣ እኔ በእሷ ክፍል። የታችኛው ክፍል ጉድለቱ መታጠቢያ ቤት አለመኖሩ ነው፤ እሱን ደግሞ ግንበኛው ጓሮው ላይ ይሠራል፤ ደፍ የሌለው፣ ግድግዳው ላይ መያዣ ብረት ያለው። ስለዚህ አልጋ ብለሽ የሣልሽበት ቦታ የመጸዳጃ መቀመጫ ሆኗል፤ እንዳይከፋሽ፣ ፕላንሽ ጠበበ እንጂ አልተጣለም። «እንግዲህ ጉቶው ይንደድ፤ የሚያጠፋው የለም» ብላ ጆጉን አስረከበችኝ።

ነደደም። ሁለት ቀን ሙሉ ውስጥ ውስጡን፣ ድምፅ ሳያሰማ ነደደ። እሳቱ ሥሩን ይዞ በመሬት ሥር ስለሚሄድ በልብስ ማስጫው አጠገብ ከአፈሩ ቀጭን ጭስ ሲወጣ አየንና በአካፋ ከፍተን ውሃ አፈሰስንበት። ጋሽ ማርሽ ይህን ጊዜ ዳማውን ትቶ ባልዲ ይዞ ነበር የሚጠብቀው። ስለ ወንዙና ስለ ወዙ የሚያነሣ ሰው ካለ ግን ጆሮው አይሰማም። ቅዳሜ ከሰዓት በብረት ዘንግ ስንነካው ጉቶው እንደ ደረቀ ዳቦ ፍርፍር አለ። እሑድ ግንበኛው መጥቶ ጉድጓዱ ውስጥ ገብቶ ቆመ፤ እስከ ጉልበቱ ነው። «ግማሹን ቆፍራችሁልኛል» ብሎ ሥራ ጀመረ።

እማዬን ያወረድናት ያንኑ ዕለት ነው፤ ወንበር ላይ አስቀምጠን፣ በአንድ በኩል ግንበኛው በአንድ በኩል እኔ። ጋሽ ማርሽ ከታች ቆሞ አውቶቡስ ወደ ኋላ እንደሚያስገባ ሰው «ይምጣ! ይምጣ! ግራ ስበር! በቃ!» እያለ ያዛል። እሷ ደረጃውን ጮክ ብላ ትቆጥራለች፤ አሥራ ሰባት ነው፤ ዕድሜዬን ሙሉ ስወጣው ቆጥሬው አላውቅም። መጨረሻው ላይ ስትደርስ አስቁማን ጫማዋን አወለቀችና በባዶ እግሯ መሬቱን ረገጠች። ጋሽ ማርሽ እንኳ ትእዛዙን ትቶ ጫማዋን አነሣላት።

በማግሥቱ ማለዳ መስኮቱን ከፍታ ተቀመጠች። ልብስ ሰፊው ከማዶ እጁን ሊያነሣ ቀና ሲል ወትሮ በምትታይበት የለችም፤ ደነገጠ። ከታች ስትጠራው ሜትሩን አንገቱ ላይ እንደጠመጠመ መንገዱን ተሻገረና «እትዬ፣ ስድስት ወር ሙሉ ራስዎንና ትከሻዎን ብቻ ነበር የማውቀው፤ ጉርድ ፎቶ ነበሩ እኮ!» አላት። በመስኮቱ በኩል እጇን ዘረጋች፤ ጨበጣት። ቶሎም አልለቀቀችውም።

አንቺን አልወቅስም፤ አንቺ ሩቅ ሆነሽ ነው ያላየሽው፣ እኔ እዚሁ ሥሯ ሆኜ ነው። ከእንግዲህ ግን ስለ እሷ ስትጽፊ ለእሷ ጻፊ፤ እኔ አነብላታለሁ፣ መልሱን እሷ ትናገራለች፣ እኔ ጸሐፊ ብቻ ነኝ። ጸሐፊነቱን ለምጄዋለሁ።

ጋሽ ማርሽ ሰላም ብሎሻል፤ ጉቶው የነደደው በእሱ ዘዴ እንደሆነ ጻፍልኝ ስላለኝ ጽፌያለሁ። ግንበኛው ሰላም ብሎሻል፤ በመታጠቢያ ቤቱ በር ስፋት ላይ አስተያየትሽን ይጠይቃል፤ እማዬ ግን ወስናዋለች። ልብስ ሰፊው ሳያውቅሽ ሰላም ብሎሻል። ለባለቤትሽ፣ ለትልቋ፣ ለትንሹም ለየብቻ ሰላምታዬን አድርሺልኝ፤ ለትንሹ አሁን ያለ ቅንድብ የተነሣሁትን ፎቶ አልክም፣ ይብስበታል።

እማዬ ደብዳቤውን ካስነበበችኝ በኋላ ይህን ጨምርበት ብላኛለች፦ «ልጄ፣ መስኮቴ ከመንገዱ እኩል ነው። ስትመጪ በሩን አታንኳኪ፤ ከሩቅ አይሻለሁ።»

ታናሽ ወንድምሽ

ከላይኛው ፎቅ፣ ከእማዬ ወንበር ላይ
ግንቦት 24 ቀን