አሥራ አራት ቁጥር ኤሊ

ሐሙስ፣ ጥቅምት 7

ሱቅ ዋልኩ። ሦስት ደንበኛ። አንዷ ቡናማውን መጋረጃ አንስታ "ለሳሎን ይሆናል?" አለችኝ። "ለእርስዎ ሳሎን የተሠራ ነው" አልኳት። ሳሎኗን አይቼው አላውቅም። ገዛች።

እህቴ ደወለች። ቅዳሜ ከሆስፒታሉ ባልደረቦቿ ጋር ጀልባ ሊቀዝፉ ነው፤ አንድ ሰው ጎድሏል። "ዋና አልችልም" አልኳት። "ውሃው እስከ ወገብ ነው" አለች። ነርስ ስለሆነች እምቢታ አይሰማትም። እሺ አልኩ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 9

ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ወንዙ ዳር። ወንዝ ማለት እንኳ ይበዛበታል... ከድንጋይ ሥር ከሚፈልቅ ምንጭ የሚወርድ ጅረት ነው። ውሃው ግን ኩልል ያለ። አሸዋው፣ ዓሣው፣ የሰመጠው ቅጠል ሁሉ ይታያል። ካያክ የሚሏት ጀልባ ጠባብ ናት። ሰው ይለብሳታል እንጂ አይሳፈርባትም።

ሌሎቹ ለየብቻቸው ገቡ። እኔን ስለማልችል ጉዞውን ከሚመሩት መምህር ጋር በሁለት ሰው ጀልባ አስቀመጡኝ። እሳቸው ከፊት፣ እኔ ከኋላ። ጡረታ የወጡ የባዮሎጂ መምህር ናቸው፤ ጥቁር መነጽር አድርገዋል። ሃያ አምስት ዓመት የዚህን ወንዝ ኤሊዎች እየያዙ ጀርባቸው ላይ ቁጥር ሲቀቡ ኖረዋል። የእኛ ሥራ ግንድ ላይ ፀሐይ የምትሞቅ ኤሊ ስናይ ቁጥሯን መናገር ነው። እሳቸው ደብተራቸው ላይ ትልልቅ አድርገው ይጽፋሉ።

እህቴ "ሃያ ስድስት" አለች። ላቦራቶሪ የሚሠራው "ሠላሳ አንድ"። እኔ ቀና እስክል ሁሉም ውሃ ውስጥ ይገባሉ። ሽመላ አየሁ፤ ተናገርኩ። ዳክዬም አየሁ፤ አምስት ናቸው አልኩ። ኤሊ የለም።

"ከኋላዬ ያለኸው፣ አንተ አታይም እንዴ?" አሉ መምህሩ።

"አሥራ አራት" አልኩ። የሱቄ ቁጥር ነው። ከአፌ አመለጠኝ።

መቅዘፋቸውን አቆሙ።

"የት?"

"እዚያ... ከዛፉ ሥር። ገባች።"

"አንድና አራት? በደንብ አይተሃል?"

"በደንብ።"

ጻፉ። ቁጥሩን ለራሳቸው ደጋግመው አሉት። ልማዳቸው ነው ብዬ አለፍኩት።

እሑድ፣ ጥቅምት 10

ክንዴ አልታጠፍ አለ። ሸሚዝ ለመልበስ ሩብ ሰዓት።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12

አንዲት ሴት ሱቅ መጣች። መጋረጃ አልፈለገችም። አድራሻዬን ከእህቴ ወስዳ ነው፤ የመምህሩ ልጅ ናት።

"አሥራ አራትን ያዩት እርስዎ ነዎት?"

ከስድስት ዓመት በፊት ጎርፍ መጥቶ ነበር። ከአንድ እስከ ሃያ ቁጥር የተቀቡት ኤሊዎች አንዳቸውም ከዚያ ወዲህ አልታዩም። መምህሩ ከሃያ አንድ እንደገና ጀመሩ። የጎልማሳነቴን ሥራ ውሃ ወሰደው ይሉ ነበር አለች። አሁን ደግሞ ዓይናቸው ደክሞ ከብርሃንና ከጥላ በቀር አይለዩም። ወሩ ሲያልቅ እሷ ቤት ሊገቡ ተስማምተው ሻንጣ አሽገው ነበር።

"ቅዳሜ ሻንጣውን ፈቱት" አለች። "የድሮዎቹ ካሉማ የት እሄዳለሁ አሉ። ትናንት ብቻቸውን ጀልባ አውጥተው ከግንድ ተጋጩ። ግንባራቸው ተላልጧል።"

የተዘረጋውን መጋረጃ ማጠፍ ጀመርኩ።

"ልቆጣዎት አይደለም የመጣሁት። እንዲህ ደስ ሲላቸው ካየሁ ቆየሁ። ብቻ... በእርግጥ አይተዋታል?"

መጋዘን ሰው ይጠብቀኛል ብያት ወጣሁ። መጋዘን የለኝም። ሕንፃውን ሁለት ጊዜ ዞርኩት።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 13

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል። የእኔ እያደር ከበደ። ለእህቴ ነገርኳት።

"ሄደህ ንገራቸው" አለች።

"በስልክ..."

"በእግርህ።"

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 16

መምህሩ ጀልባ ማሰሪያው ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ግንባራቸው ላይ ፕላስተር። በድምፄ ለዩኝ።

"መጣህ? ዛሬ ያቺን ቦታ ታሳየኛለህ።"

"መምህር፣ አላየኋትም።"

ፊታቸውን ወደ ውሃው አዞሩ።

"ሽመላውስ?"

"ሽመላው እውነት ነው።"

"አምስቱ ዳክዬዎችስ?"

"ሦስት ነበሩ።"

"በዳክዬም ትዋሻለህ?"

ለምን እንደዋሸሁ ጠየቁኝ። ሁሉም ሲያይ እኔ ብቻ እንዳልቀር ነው አልኳቸው። ሌላ ምክንያት ብፈልግ አጣሁ። ቁጥሩን ከየት እንዳመጣሁት ሲሰሙ "የሱቅህ ቁጥር ሠላሳ ቢሆን ኖሮ ማናችንም እዚህ አንደርስም ነበር" አሉ። ይሳቁ፣ ይቆጡ አልገባኝም።

ደብተራቸውን ዘረጉልኝ።

"አንተው ሰርዘው። እኔ መስመሩ አይታየኝም።"

ሰረዝኩ። ከጎኑ ስሜን አስጻፉኝ። በጽሑፍ እንዲህ ያፈርኩበትን ቀን አላስታውስም።

ይሄዳሉ ብዬ ስጠብቅ "ግባ" አሉኝ። ከኋላ ገባሁ። እስከ ምንጩ ቀዘፍን። በየመቶ እርምጃው "ምን ይታይሃል?" ይላሉ። "ምንም" እላለሁ። "ጻፍ" ይላሉ። ሰባት ጊዜ ምንም ጻፍኩ። በስምንተኛው ሃያ ዘጠኝ ቁጥር። እውነተኛ ኤሊ፣ አንገቷን አስግጋ። ቁጥሯን ሁለት ጊዜ ተናገርኩ። "ጻፍ" አሉ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 21

"ይሄ ለሳሎን ይሆናል?" አለኝ አንዱ። "ሳሎንዎን ሳላይ እንዴት አውቃለሁ?" አልኩት። ሳይገዛ ሄደ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 30

መምህሩ ዛሬ ልጃቸው ቤት ገቡ። ሻንጣውን መኪና ላይ ያወጣሁት እኔ ነኝ። መጽሐፍ ነው የሞላው፤ አሁን ማን ያነብላቸዋል? ደብተሩን ሰጡኝ። "የሚዋሽ ሰው አንድ ጥሩ ነገር አለው፤ ሲዋሽ ያውቃል" አሉ። ምርቃት ይሁን ስድብ እህቴን ጠየቅኋት። ሁለቱም አለች።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 7

ብቻዬን ቀዘፍኩ። አልገለበጥኩም። የፊተኛው መቀመጫ ላይ ስልኩን አስቀምጬ ድምፁን ከፈትኩት። መምህሩ በልጃቸው ቤት በረንዳ ላይ ሆነው ይሰማሉ።

ሃያ ስድስት። ሠላሳ ሦስት። ምንም። ምንም። ዳክዬ፣ ሁለት።

ላይኛው ኩርባ ላይ አንዲት ትልቅ ኤሊ። ቀለሟ ተልጧል። አንድ ብቻ ይነበባል። ከፊቱ ሦስት ነበር? ከኋላው አራት ነበር? ተጠግቼ አየሁ። ዞሬ አየሁ። ገባች።

ነገርኳቸው።

"አራት አይመስልም?" አሉ ቀስ ብለው።

"አይነበብም፣ መምህር።"

"ሊሆን ግን ይችላል?"

"ይችላል። ሠላሳ አንድም ልትሆን ትችላለች። አላውቅም።"

መቅዘፌን አቁሜ ስልኩን ወደ ራሴ አቀረብኩት።

"አላውቅም ብለህ ጻፍ" አሉ።

ጻፍኩ።

"ውሃው ቀዝቅዟል?"

"እንጃ፤ እጄን አልነከርኩም።"

"ንከራ።"

ነከርኩ። ይቀዘቅዛል አልኳቸው።