ጃንዋሪ አንድ የተወለደው ባለ ሶስት ሥራ

ሰኞ

እንዲህ ያለ ሰው የለም እያልኩ ዋልኩ። ሰሚ ግን አላገኘሁም።

ቢሯችን የልጅ ማሳደጊያ የሚከፍሉና የሚቀበሉ ወላጆችን ያጠናል፤ እዚህ ሁሉም ቻይልድ ሳፖርት የሚለውን። የክፍያው መዝገብ አንድ ቦታ ነው፣ የደሞዙ ሌላ ቦታ፣ የልጆቹ ልደት ደግሞ ሌላ ቦታ። የእኔ ሥራ እዚህ ያለው ሰውዬ እዚያ ያለው ሰውዬ ነው ወይ ብሎ ማገናኘት ነው። ስምና የልደት ቀን የማየው እኔ ነኝ። ገንዘቡን የሚያዩት ከግድግዳው ወዲያ ያሉት ናቸው፤ ለእነሱ ሰው ሁሉ ቁጥር ነው። እኔ ማን እንደሆነ አውቃለሁ፣ ስንት እንደሚያገኝ አላውቅም። እነሱ ስንት እንደሚያገኝ ያውቃሉ፣ ማን እንደሆነ አያውቁም። ለእንደኔ ዓይነቷ ወሬ ወዳድ ቅጣት ነው።

ዛሬ አለቃዬ ካረን እየሮጠች መጣች። ከግድግዳው ወዲያ ያሉት አንድ ጉደኛ ቁጥር አግኝተዋል። በሦስት ከተማ ሦስት ሥራ አለው፤ ዉድበሪ ይሠራል፣ ሪችፊልድ ይሠራል፣ ሴንት ፖልም ይሠራል። ለአንዱ ልጁ ይከፍላል፣ አብሮት ለሚኖረው ለሌላው ልጁ ደግሞ ይቀበላል። እንደሱ ያሉ ብዙ ናቸው አለች። ከፋይና ተቀባይ ሁለት ዓይነት ሰው አይደለም ማለት ነው፣ እነዚህ አባቶች ደግሞ ከገመትነው በላይ ያገኛሉ ማለት ነው አለች። ደስታዋ ለጉድ ነው።

በእኔ በኩል ፋይሉን ከፈትኩት። ስሙን እዚህም ቢሆን አልጽፍም። ብቻ መርካቶ መሃል ቆመሽ ብትጠሪው ስንቱ ዞሮ አቤት የሚልበት ስም ነው። የልደት ቀን፦ ጃንዋሪ አንድ።

ብቻዬን ሳቅሁ። ቀጥሎ ግን ጨነቀኝ።

ማክሰኞ

ካረንን ቁጭ አድርጌ አስረዳኋት። በስደት የመጣ ሰው የተወለደበትን ቀን ካላወቀው ጃንዋሪ አንድ ይጻፍለታል። እኛ ቤት እማዬም፣ ታላቅ ወንድሜ ግርማም፣ እኔም ጃንዋሪ አንድ ነን። እማዬ ናይሮቢ ላይ ለስደት ሲመዘግቡን "እሱ ክረምቱ ሲገባ፣ እሷ ከጥምቀት ማግስት" ብላ ነበር። መዝጋቢው ይህን የት ያስገባው? ፕሮግራማችን ደግሞ ስሙ አንድ፣ ቀኑ አንድ ሲሆንበት "በቃ አንድ ሰው ነው" ይላል። ሁለት ምስኪን አባቶች ይጨፈለቁና አንድ ደህና ደሞዝተኛ ይወጣቸዋል።

ካረን ክፉ ሰው አይደለችም። አሰበች፣ አሰበችና፣ እንግዲያው ጃንዋሪ አንዶቹን በሙሉ እናውጣቸው፣ ዴታው፣ መረጃው ማለት ነው፣ ይጠራል አለች።

ይጠራል! ጉድ እኮ ነው። እኛ እድፍ ነን እንዴ?

ሪፖርቱ ዓርብ ይሄዳል። የሚያነቡት ዝቅተኛ ደሞዝ ያላቸው አባቶች ክፍያ ይቀነስላቸው ወይስ አይቀነስ እያሉ የሚከራከሩት ሰዎች ናቸው። የእኛዎቹ ከተጨፈለቁ ሀብታም ሆኑ። ከወጡ ደግሞ ጭራሽ የሉም። ጋሽዬ ግርማ ራሱ ከነሱ አንዱ ነው፤ ሁለት ልጆቹ ሪችፊልድ ከእናታቸው ጋር ናቸው፣ በየደሞዙ ይቆረጥበታል፣ አንድ ቀን ሲያማርር ሰምቼው አላውቅም። እዚያ ፋይል ውስጥ የሆነ ቦታ አለ። ፈልጌ አላየውም፣ ክልክል ነው። ፈተናው ግን ቀላል አይደለም።

እስቲ በምን ይለዩ?
– በስልክ? ሰው ስልክ ሲቀያይር ነው የሚኖረው።
– በአድራሻ? ሁለት ሐበሻ አንድ አፓርትመንት ተካፍሎ ይኖራል።
– የኖሩባቸው ቤቶች በተርታ ቢታዩስ? ይሄኛው ያስኬድ ይሆናል።

ረቡዕ

ከሥራ ስወጣ ፍሮግታውን ሰፈር ወዳለችው ቸርቻችን ለጸሎት ሄድኩ። ከጸሎት በኋላ ሻይ ላይ ድንገት ተነስቼ "ጃንዋሪ አንድ የተወለደ እጁን ያውጣ!" አልኩ። ስለ ሥራዬ ትንፍሽ አላልኩም። ቤቱ እጅ በእጅ ሆነ። ጋሽ ታደሰ፣ የቸርቿ ሽማግሌ፣ ከጎናቸው የተቀመጠውን ጎረምሳ ትከሻ መታ መታ አድርገው "መንትያዬ ነህ ለካ፣ ምነው እስከዛሬ ሳትጠይቀኝ!" ሲሉት ሻይ ትን ያለው ሁሉ ነበር። አንዷማ ሃፒ በርዝዴይ ጀመረች።

ሳቁን ያቆሙት እትዬ አልማዝ ናቸው። "አንቺ ልጅ፣ ለምንድን ነው የፈለግሽው? ልታስመዘግቢን ነው?" አሉኝ። አንድ በአንድ እንድንቆጠር ብዬ ነው አልኳቸው። "ተቆጥረን ምን አገኘን?" አሉ። ቤት ገብቼም እሱኑ ሳብሰለስል ነበር።

ጋሽዬ አልመጣም። ሺፍት ይዞት ይሆናል ብዬ ተውኩት።

ሐሙስ

አሳመንኳት! እልል!

አሁን የሚሠራው እንዲህ ነው። ጃንዋሪ አንድ ከሆነ ቀኑን እንደ ማስረጃ አንቆጥረውም። በየዓመቱ የኖሩባቸው ቤቶች በተርታ ከገጠሙ አንድ ሰው ነው፣ ካልገጠሙ ሁለት ነው። ያልለየለት "አልታወቀም" ይባላል እንጂ አይጨፈለቅም፣ አይጣልም። ሪፖርቱም ላይ በግልጽ ይጻፋል። ካረንን ያሳመናት የትናንቱ የእጅ ብዛት ነው፤ በየቤተክርስቲያኑ እንዲህ ነው ወይ ብላ ደጋግማ ጠየቀችኝ።

ግን እኮ ያ የሚያምር ግኝቴ ይጠፋል አለች፣ ከንፈሯን ጥላ። "ይጥፋ!" አልኳት። ለአለቃ እንዲህ መባሉ እሷንም እኔንም አስደነገጠን። ደግነቱ ሳቀች። ኮምፒውተሩን እየሠራ ትቼው ወጣሁ።

ዓርብ

ውጤቱ ወጣ። አብዛኞቹ ተለያዩ። አንድ የነበሩት ሁለት ሆኑ፣ አንዱማ አራት ሆነ። ደሞዛቸውም ወረደ አሉኝ ከወዲያ ያሉት። ደረቴን ነፍቼ ስንጎራደድ ካረን መጣችና፣ ባለ ሶስት ሥራውስ? አለች።

ከፈትኩት። አንድ አፓርትመንት፣ ቀጥሎ ሌላ፣ ቀጥሎ ሌላ፤ በሁሉም መዝገብ ላይ ቤቶቹ ያው ናቸው፣ ተርታቸውም ያው ነው። የልጆቹም መዝገብ ይገጥማል። ደግሜ አየሁት። ሰውዬው አንድ ሰው ነው። ሳምንቱን ሙሉ የለም ስል የነበረው ሰውዬ አለ።

ካረን አልተሳለቀችብኝም። ታዲያ መቼ ነው የሚተኛው? ብቻ ነው ያለችው።

ሪፖርቱ ከነማሳሰቢያው ሄደ። አንባቢዎቹ ምን እንደሚያደርጉት እንጃ። እኔ ግን ሌላ ነገር ያዘኝ። ያ ስም የወንድሜ ስም አይደለም፣ እሱን አውቃለሁ። ወንድሜ ስንት ቦታ እንደሚሠራ ግን አንድ ቀን ጠይቄው አላውቅም። የማላውቀውን ሰው ኑሮ እየበረበርኩ የገዛ ወንድሜን! አፈርኩ፣ በጣም አፈርኩ። ፓርኪንግ ሎት ውስጥ መኪና ላይ ሆኜ ደወልኩለት።

ጋሽዬ፣ ስንት ሥራ ነው ያለህ? አልኩት። "ምነው ሰኒ፣ ምን ሰማሽ?" አለኝ። ምንም፣ ልወቅ ብዬ ነው አልኩት። የሆስፒታሉ አለ፣ የመጋዘኑ አለ፣ ቅዳሜና እሁድ ደግሞ በመኪናዬ ሰው እያመላለስኩ ድራይቭ አደርጋለሁ አለ፣ የሰረቀ ሰው ይመስል ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ለእማዬ እንዳትነግሪያት።" የልጆቹን ክፍያ ለማስቀነስ ማመልከት ይቻላል እኮ ስለው፣ ማን ጊዜ አለውና አለኝ።

ቅዳሜ

ዛሬ ድራይቭ የሚባል ነገር የለም፣ እኔ ሞቼ እገኛለሁ ብዬ ቤቴ አስመጣሁት። ልጆቹን ከሪችፊልድ ራሴ ሄጄ አመጣኋቸው። በላ፣ ከልጆቹ ጋር ትንሽ ተጫወተ፣ "እስቲ አንዴ ጋደም ልበል" አለ። ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ ጭልጥ አለ።

ትልቋ ልጁ ሃና አጠገቡ ቆማ ስታየው ቆየችና በእንግሊዝኛዋ፣ ዳዲ ሁሌ እንዲህ ይደክመዋል? አለችኝ። አላውቅም አልኳት። ያንቺ ሥራ ስለ አባቶች ማጥናት አይደለም እንዴ? አለች። ነው አልኳት።

ጫማውን ቀስ ብለን አወለቅንለት፣ እሷ አንዱን እኔ አንዱን። ብርድ ልብስ ደረብኩለት። አሁንም ተኝቷል። ማመልከቻውን ማታ አብሬው ልሞላው አስቤያለሁ፣ እሺ ካለኝ።