ሁለተኛው አሜን

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 18 ቀን 2008

ዶክተሬ ለእንቅልፍ ማጣቴ ሜዲቴሽን ሞክሪ ስላለችኝ ዛሬም ፒዮሪያ ስትሪት አጠገብ ወዳለው የቡድሂስቶች ማዕከል ሄድኩ። ሦስተኛ ጊዜዬ ነው፤ አሁንም አላመንኳቸውም። አስተማሪዋ "ዓይናችሁን ጨፍኑ፣ ሐሳባችሁን ልቀቁት" ስትል እኔ አንድ ዓይኔን ገለጥ አድርጌ በሆዴ "በኢየሱስ ስም" እላለሁ። ባዶ የተለቀቀ ልብ ውስጥ ምን እንደሚገባ ማን ያውቃል?

የቸርች ሰው እንዳያየኝ መኪናዬን ከሕንፃው ጀርባ ፓርክ አደረግኩ። በዚህ ምክንያት ዘግይቼ ከሁሉም መጨረሻ የገባሁት እኔ ነበርኩ፤ በሩንም የዘጋሁት እኔው ነኝ።

መጨረሻ ላይ አስተማሪዋ ለሁላችንም ሰላምና ጤና ስትመኝ፣ የልማድ ነገር ሆኖብኝ ጮክ ብዬ "አሜን!" አልኩ። አፌን ሳልዘጋ ከኋላዬ ሌላ "አሜን!" ተሰማ። ዞር ስል እትዬ አስቴር! የጸሎት ቡድናችን መሪ፣ "እንቅልፍ ያጣሽው ጸሎት ስላጓደልሽ ነው" ያሉኝ ሴትዮ፣ ትራስ ላይ ተመቻችተው ተቀምጠዋል።

ጫማችንን ስናደርግ ጠጋ አሉኝና፣ "መኪናሽን አይቼ ነው ተከትዬሽ የገባሁት። ሰግቼልሽ ነው፣ ልጄ" አሉኝ።

"ይባረኩ፣ እትዬ" አልኩ።

በዚህ መሃል አስተማሪዋ ስታልፍ ትከሻቸውን ነካ አድርጋ፣ በስማቸው ጠርታ፣ ወገባቸው ከባለፈው ወር ተሽሏቸው እንደሆነ ጠየቀቻቸው። እትዬ አስቴር የጫማቸውን ክር ማሰር ያዙ።

ነገ ቸርች መድረክ ላይ ቆመው "ዓይናችንን ጨፍነን እንጸልይ" ይሉናል። እኔ እንደሆንኩ አንዱን አልጨፍንም።