ለዛውሪ እግር ከወንዝ የተቀዳ መድኃኒት

የዛውሪ እግር አይቆረጥም። ቀዶ ጠጋኙ ራሱ ትናንት ቁስሉን አገላብጦ አየና ቀጠሮውን ሰረዘው።

ውድ እህቴ ላማራ፣ ሰላምታውን አስረሳኝ ደስታው፣ ይቅር በይኝ። ይህችን ወረቀት ከጀመርኩ አራት ጊዜ ተነስቼ ቁስሉን አይቻለሁ። ዛውሪ፣ «ሴትዮ፣ እግር ነው እንጂ የተጣደ ወተት አይደለም፣ አይገነፍልም» ይለኛል።

በስልክ የተጣላን ዕለት «ይቆረጥና ባልሽ ይትረፍልሽ» ያልሽኝ ስለምትወጂን ነው። እኔ የጮኽኩት ግን ያልነገርኩሽ ነገር ስላለ ነው።

ቁስሉ ውስጥ የገባው ባክቴሪያ መርዝ የሚረጭ ነው፤ ሥጋውን ያጠቆረው መርዙ ነበር። ትብሊሲ ወሰድኩትና ሐኪሞቹ ያንን ባክቴሪያ የሚበላ ቫይረስ ፈለጉለት። ካስቀመጧቸው ቫይረሶች አንዱም አልነካው። በመጨረሻ ከምትክቫሪ ወንዝ፣ የከተማው ፍሳሽ ከሚገባበት በታች ከቀዱት ውሃ የሚበላው ተገኘ። ዶክተር ማክቫላ ባክቴሪያውን ያሳደጉበትን ሳህን አሳየችኝ፤ ባክቴሪያው እንደ ጉም ሸፍኖታል፣ ቫይረሱ የበላበት ቦታ ግን እንደ ተወለወለ መስኮት ጥርት ብሏል። እዚያው ቆሜ አለቀስኩ።

ቫይረሱን በብልቃጥ ሰጡኝ፤ ቤት ገብቼ ምን እንዳደረግሁ ስሚኝ። በየጠዋቱ ቫይረሱን ቁስሉ ላይ ከማፍሰሴ በፊት፣ አባባ ከወይን አተላ በሚያወጣው በዚያ እሳት በሆነ አረቄ፣ በቻቻ አጠብኩት። እኛ ቤት ጉልበት ሲላጥም ጥርስ ሲያመንም ቻቻ አልነበር? አምስት ቀን እንዲሁ አደረግሁ። ጥቁረቱ ወደ ጉልበቱ ወጣ፣ የመቁረጫው ቀን ተያዘ። አንቺ የደወልሽው በማግሥቱ ነው።

ቀኑ በተያዘበት ዕለት ማክቫላ ቁስሉን በምን እንደማጥበው ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት። «የኔ እናት፣ የላክንልሽን ሁሉ በር ላይ እየገደልሻቸው እኮ ነው» አለችኝ። ለካ ቫይረስም አረቄ አይችልም። ሌላ ብልቃጥ ሰጥታኝ ከጨው ውሃ በቀር እንዳላስነካው አስማለችኝ።

ለዛውሪ ስናዘዝለት ፊቱን ማየት አቃተኝ። እሱ ግን፣ «አምስት ቀን ሙሉ ያንን ቻቻ እግሬን ስታጠጪ፣ አፌ ምን በደለሽ?» አለኝ። ከዚያ ወዲያ ነው የተነፈስኩት።

በሁለተኛው ሳምንት ጥቁረቱ ቆመ፤ አሁን ቀይ ሥጋ እየሞላ ነው። ለአባባ አልነገርኩትም፣ አንቺም እንዳትነግሪው።

እዚያ ጣሊያን፣ ባሪ የምትጠብቂያቸውን አሮጊት ልጃቸው ጥቂት ቀን ትያዝልሽና ነይ። ጎረቤቶቹን ጠርቻለሁ፣ አዲሱ ወይን ይከፈታል፣ ለሞቱት ጽዋ ሲነሳ ዛውሪም እንደ ወንዶቹ በሁለት እግሩ ቆሞ ይጠጣል። መቅረት የለም። ታላቅሽ ፂያላ ነኝ፤ ቀኑ የጊዮርጊስ ዕለት ነው፣ ኖቬምበር ሃያ ሦስት።