ጠላትህን አውርሰኸኝ ለሄድህ

ይድረስ ለባለቤቴ ለይፍሩ፣ ባለህበት።

ከተለየኸኝ እነሆ ዓመት ከሁለት ሳምንት ሆነ። በሕይወት ሳለህ አንድ ቀን እንኳ ከ«አንቱ» ዝቅ ብዬ ጠርቼህ አላውቅም። ዛሬ ግን ተናድጃለሁና «አንተ» ልበልህ። ብዕሩ ያንተው ነው፤ ፊደሉን ያስቆጠረኝ አባቴ ነው፤ ስለዚህ ቃሉ የራሴ ነው፣ ማንም አላጻፈኝም።

አስቀድሜ የቤቱን ልንገርህ። መቱ ዘንድሮ ኅዳር ገብቶም ዝናቡ አላባራ አለ። ቀይዋ ላም ወለደች። ልጃችን ጎሬ ባሏ ዘንድ ደኅና ናት። አንተ ትቀመጥበት የነበረው መደብ ላይ ማንም አይቀመጥም፤ ድመቷ ብቻ እምቢ ብላኛለች።

አሁን ወደ ንዴቴ ልግባ። ከአጥራችን ማዶ ስላለው ጎረቤታችን ስለ ኦቦ ጉተማ ነው የምጽፍልህ። በድንበሩ ላይ በቆመው ዋንዛ ቀፎውን ሰቅሎ ነበር። አንተ «ዛፉ የእኔ ነው» ብለህ ንቡ እንዳለ በመጥረቢያ ጣልኸው። ማሩ ጭቃ ላይ ፈሰሰ። ሰውየው ዳኛ ፊት ቢከስህ የዳኛው ጸሐፊ አንተው ነህ፤ ማን ይፍረድለት? ዛፉ የማን እንደ ነበር አንተም ታውቃለህ፣ እኔም አውቃለሁ። ያን ጊዜ ዝም አልሁ፤ የዝምታዬን ለነፍስ አባቴ ተናግሬአለሁ።

ከዚያ ወዲያ ስድስት ዓመት ሰላምታ አልተሰጣጣችሁም። እሁድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ መጽሐፉን ገልጠህ «ወንድሙን የሚጠላ ነፍሰ ገዳይ ነው» የሚለውን ታነብልኝ ነበር። ድምፅህ ያምር ነበር፣ አልክድም። ጉተማ በአጥሩ ሥር ሲያልፍ ግን ንባቡን አቋርጠህ እንትፍ ትላለህ። አንድ ቀን «እሱስ ወንድም አይደለም?» ብልህ፣ «ትናንት የተጠመቀ ምን ወንድምነት አለው!» ብለህ ገጹን ገለበጥህ።

ስትታመም ደግሞ ባሰብህ። እጄን ይዘህ «የጉተማን ደጅ እንዳትረግጪ፤ በእግዚአብሔር ስም ማይልኝ» አልህ። ማልሁልህ። ወዲያው «አባታችን ሆይ» ጀመርህ። «እኛም የበደሉንን ይቅር እንደምንል» ላይ ስትደርስ ድምፅህ እንኳ አልተደናቀፈም። በዳዩ አንተ! እያለቀስሁ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርሁ፤ ለሞትህ ይሁን ለግትርነትህ ዛሬም አላውቀውም።

ሐምሌ ላይ ነፋስ የጣራችንን ሣር ግማሹን ገፍፎ ወሰደው። ወንድሞችህ «ዝናቡ ጋብ ይበል» አሉኝ። በሦስተኛው ቀን ጉተማ ከሶር ወንዝ ማዶ ያጨደውን ሣር በአህያ ጭኖ መጣና፣ ሳልጠራው መሰላሉን አቆመ። ምላሱ ደግሞ! ከላይ ሆኖ «ይሄን ማነው የከደነው? ዝንጀሮ ነው?» ይላል። የከደንኸው አንተ ነህ። ደሜ ፈላ። ጠላትህ ቢራብ አብላው፣ እንዲህ ብታደርግ በራሱ ላይ ፍም ትከምራለህ ይል የለም መጽሐፉ? ሊያቃጥለኝ መጣ ብዬ ወጥቼ ጮህሁ።

«ኦቦ ጉተማ፣ ይህን የሚያደርጉት ወደውን ነው ወይስ ሊያሳፍሩን?»

ሥራውን ሳያቋርጥ ቁልቁል አየኝ። «ዱጋ ልንገርዎ እትዬ አስካለ፣ እውነቱን። ባልዎን እጠላዋለሁ። ሞቶም እጠላዋለሁ። ቄሱ ‹ተው አትጥላ› ይሉኛል። እሞክራለሁ፤ አልሆነልኝም።»

«ታዲያ ጣራዬ ላይ ምን ይሠራሉ?»

«ፍቅሩ እስኪመጣ ቤትዎ ይበስብስ? ያቺን ገመድ ያቀብሉኝ።»

አቀበልሁት። ምን ላድርግ?

መስከረም ላይ ሚስቱ ጫልቱ በንዳድ ወደቀች። ማቃሰቷ እኛ ግቢ ድረስ ይሰማል። መሐላህን ይዤ አጥሩ ሥር ቆምሁ። ብገባ መሐላ አፍራሽ፣ ብቀር ደግሞ አንተ ታነብልኝ የነበረው ነፍሰ ገዳይ። እንዲህ ያለ መንታ መንገድ ላይ ሚስቱን የሚያቆም ሰው አለ? ገባሁ። ዘጠኝ ቀን አጥሚት አጠጣኋት፣ ገላዋን አጠብኋት። እሷም እንዳንተ ግትር ናት፤ ጽዋውን በእጇ ትገፋለች። ተሻላት። ስለ መሐላው ንስሐ ገባሁ፤ የተሰጠኝ ስግደት ወገቤን ቆርጦታል። እሱም ባንተ ጦስ ነው።

የሙት ዓመትህን ተዝካር አወጣሁ። ወንድሞችህ ጠላ እየጠጡ ስለ ደግነትህ አወሩ። ጉተማ ዘግይቶ መጥቶ ዳሱ ዳር ተቀመጠ። ሰው ሁሉ «ነፍስ ይማር» ሲል እሱ ዝም አለ። ጠላውን ጨለጠ፣ ተነሣ። ሊወጣ ሲል ዞር ብሎ፣ ኮሶ እንደ ጠጣ ሰው ፊቱን አጨማዶ፣ «ነፍስ ይማር» አለ። ጥርሱን ነክሶ ነው፤ ቢሆንም አለ።

ካንተ አፍ እንዲህ ያለ አንድ ቃል ስድስት ዓመት ጠብቄ ነበር።

እወድሃለሁ፤ ባልወድህማ ይህን ሁሉ ወረቀት አላበላሽም ነበር። እስክሞት ድረስ ስምህን ከጸሎቴ አላወጣም። ብቻህን ግን አልጠራህም። «ይፍሩንና ጉተማን አስብ» እያልሁ ነው የምጸልየው። ለጉተማ ነገርሁት፤ አልወደደውም። አንተም እንደማትወደው አውቃለሁ። ቻሉት።

ባለቤትህ አስካለ